ለማን እንደተባለ

ጥቅምት 3

አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? እራት ትበላለህ ወይ? የስፌት መኪናዋስ፣ ያ ሲጥ ሲጥ ማለቷን ተወች? እኔ አንተን ከመናፈቄ በቀር ምንም አልሆንኩም።

«ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጎልተሽ ምንድን ነው የምትሠሪው?» ብለህ ለጠየቅከኝ፤ አንተ ሰው እንደምትለካው እኔም ቃል እለካለሁ። የመዝገበ ቃላቱ ሥራ ለአራታችን ሲከፋፈል ለእኔ «አ» ደረሰኝ። የምንቀመጥበት ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ መሳቢያ ብቻ ነው። መሳቢያው ውስጥ ካርድ አለ፣ ካርዱ ላይ ቃል አለ፣ ቃሉ ላይ ደግሞ እኔ ተደፍቼ አለሁ። በዚህ ሳምንት «አነሰ» የሚለው ላይ ቆሜያለሁ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። «ትንሽ ሆነ፣ መጠኑ ጎደለ» ብዬ ላልፈው ስል ዋና አዘጋጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣና «ይሄ ትርጉሙ ነው። ሰው ግን እንዴት ነው የሚለው?» አለኝ። እሱ ዘንድ ምሳሌ ከራስ መፍጠር ክልክል ነው። ሰው በአፉ የተናገረው መሆን አለበት። ካርዱ ላይ አራት ቦታ አለ፦ ምን ተባለ፣ ማን አለው፣ ለማን ተባለ፣ መቼ። አንዱ ከጎደለ ካርዱ መሳቢያ አይገባም፤ ተመልሶ ጠረጴዛዬ ላይ ይወረወራል።

እኔ ታዲያ ከማን ልስማ? እዚህ ቤት ሰው የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። ስብሰለሰል ከርሜ አንተ ትዝ አልከኝ። ዕድሜህን ሙሉ «አነሰኝ፣ አላነሰኝም» ሲሉህ የኖርክ ልብስ ሰፊ አባት እያለኝ ምን ያስጨንቀኛል? በየሁለት ሳምንቱ በእናንተ በኩል በሚያልፈው የጭነት መኪና ሾፌር ሃያ ባዶ ካርድ ልኬልሃለሁ። የሰው ስም አትጻፍ፣ ሥራውን ብቻ። እባክህ አባዬ፣ እምቢ እንዳትለኝ።

ብጣሽህ


ጥቅምት 21

ለብጣሽ፣

ሰላምታሽ ከነካርዶቹ ደርሶኛል። ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው፣ መኪናዋም እንደምታውቂያት ናት፤ ሁለቱም ዘይት ይፈልጋሉ።

ወረቀት ውስጥ ተደፍተሽ መዋልሽ አይገርመኝም። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ብጣሽ ጨርቅ ላይ ተኝተሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። ይህን ስም ያወጣችልሽ እናትሽ ነበረች፤ እኔ ዝም ብዬ አጸደቅኩ።

እምቢ አላልኩም፣ ሥራዬን ግን አበላሽተሽብኛል። ሰው ለልክ ሲቆም ወገቡን ትቼ አፉን እጠብቃለሁ። በቀደም አንዱ አስተማሪ «ምነው ፈዘው ቀሩ?» አለኝ። «አነሰኝ እስክትለኝ ነው» ስለው ኮቱን ይዞ ሊሄድ ነበር። እስካሁን የያዝኩት ይኸው፦

«ኮቱ አነሰኝ ስልዎት ወፈርክ ይሉኛል!» አስተማሪ፣ ለእኔ፣ ጥቅምት 12።

«ሲያንስህ ነው!» ጎረቤቴ ወረቀት ሻጯ፣ ከብስክሌት ለወደቀው ወንድሟ፣ ጥቅምት 14።

«ምን አንሶኝ ነው እሱን የምለማመጠው?» ፀጉር አስተካካይ፣ ለደንበኛው፣ ጥቅምት 15።

«ሻዩ ስኳር አንሶታል።» ፖስተኛ፣ ለወረቀት ሻጯ፣ ጥቅምት 15። (በየቀኑ ነው የሚላት። እኔ እንደሚመስለኝ ያነሰው ስኳር አይደለም፣ ግን የመሰለኝን አትጠይቂኝም።)

«የልጅ ፍቅር በአባት ልብ ውስጥ ከቶ አያንስም።» ገበሬ፣ ለሚስቱ፣ ጥቅምት 18።

እራት ትበላለህ ወይ ላልሽኝ፣ ምግብ በቤቴ አይጠፋም። ወረቀት ሻጯ ሾርባ ታመጣልኛለች። አንቺ ግን ሥራሽን መቼ ነው የሚያጸኑልሽ? በዚህ ላይ ዝም እያልሽኝ ነው። የእናትሽ ጊዜ ዓይነት ነገር ሁለተኛ እንዲደርስብሽ አልፈልግም።

አባትሽ


ኅዳር 8

አባዬ፣

ዋና አዘጋጁ ሳቀ! «ሲያንስህ ነው» የሚለውን አንብቦ ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እዚህ ከገባሁ ወዲህ ጥርሱን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «እኔ በዚህ ቃል ላይ ብሠራ ኖሮ ይህቺን እረሳት ነበር» አለ። አራቱ ካርዶች መሳቢያ ገብተዋል።

አምስተኛው ግን አልገባም። አባዬ፣ የትኛው ገበሬ ነው ለሚስቱ እንዲህ ብሎ የሚያወራው? በሬ ጠፍቶበት ነው ወይስ ሲመርቃት? ይሄ ገበሬ መቀስ የያዘ ይመስለኛል። መመለስ ነበረብኝ፣ ግን አልመልስልህም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ እዚያው ይቆያል።

ሥራዬን በተመለከተ፣ ዝም ያልኩህ የሚያስወራ ነገር ስላልነበረኝ ነው። እስከ ሰኔ ድረስ «አ»ን ከጨረስኩ ቋሚ ያደርጉኛል። ከአሁን በኋላ ይሄን ስታስብ እንዳታድር። የእማዬንም ጊዜ እያነሳህ ራስህን አትውቀስ። ትምህርቴን አቋርጬ አንድ ዓመት ያስታመምኳት ወድጄ ነው፣ ማንም አልገፋኝም። ስንት ጊዜ ልንገርህ?

ሾፌሩን ትናንት አገኘሁት። «አባትሽማ ልብሱ ልክክ ብሎበት፣ አምሮበት ተቀምጧል» አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስለዚህ ጉልበት ካለህ ተጨማሪ ልጠይቅህ፤ «አሳነሰ» የሚለውንም አድምጥልኝ። ሌላውን ዝቅ ሲያደርግ፣ ወይም ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ሰው የሚለውን። አሥር ካርድ ጨምሬያለሁ።

ብጣሽህ


ታኅሣሥ 10

ለብጣሽ፣

ገበሬው ተይዟል፣ ጥፋቱንም አምኗል። ይቅርታ አድርጊለት። ለአርባ ዓመት በልኩ ሰፍቼ አንዴ ከልክ ውጭ ብሄድ ወዲያው ያዝሽኝ፤ እንኳን እኔ አሳደግኩሽ። ከእንግዲህ ያልሰማሁትን አልጽፍም፣ የሰማሁትንም አልተውም። ቃሌ ነው።

ይህን ያህል በመዘግየቴ አትቆጪኝ። ትንሽ ወዲያ ወዲህ የሚያስብል ነገር ነበረኝ። ካርዶቹን በኪሴ ይዤ ነው የምዞረው፤ ሱቅ ብቻ ሳይሆን የሄድኩበት ሁሉ እጽፋለሁ። ወረፋ ላይ ቆሜ እንኳ ስጽፍ አንዲት ሴትዮ «ተቆጣጣሪ ነዎት?» ብላኝ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። ዘጠኙን አንድ ላይ በላስቲክ አስሬ ልኬልሻለሁ፤ እዚህ አልደግማቸውም፣ እጄን ደክሞኛል። አንዱን ብቻ ልንገርሽ፤ አንዲት እናት ለመጀመሪያ ሥራዋ ቀሚስ ልትለካ ለቆመች ልጇ «ራስሽን አታሳንሺ፣ ቀና በይ!» አለቻት። ልጅቷ ቀና ስትል ቀሚሱ በሁለት ጣት አጠረ። እንደገና ለካኋት።

ሾፌሩ ስላመሰገነኝ አመስግኚልኝ። ልብሴ ልክክ ካላለ ማን ልብስ ሊያሰፋ ይመጣል?

አባትሽ


ታኅሣሥ 27

አባዬ፣

ካርዶቹ ደረሱኝ። የእናትየዋን በቀይ አስምሬበት «አሳነሰ» ሥር የመጀመሪያ ምሳሌ አድርጌዋለሁ። ቀሚሱ ማጠሩን ግን ካርዱ ላይ ማስገባት አልተፈቀደልኝም፤ ተከራክሬ ነበር።

አንድ ካርድ ተመልሶብኛል። በራስህ እጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

«ክብደትዎ ካለፈው በጣም አንሷል፤ ይሄን ዝም ብለን አናልፈውም።» ሐኪም፣ ለ— ፣ ኅዳር 29።

ለማን እንደተባለ አልሞላህም። እስካሁን ከላክሃቸው አሥራ አራት ካርዶች ውስጥ ቦታ የተዘለለው እዚህ ብቻ ነው። አንተ ቁልፍ ሳትተክል ልብስ የምታስረክብ ሰው አይደለህም። ለማን ነው የተባለው፣ አባዬ?

ብጣሽህ


ጥር 9

ለብጣሽ፣

ሐኪም ቤት ብዙ ሰው ይቀመጣል። ወረፋው ረጅም ነበር፣ የክፍሉም በር ደህና አድርጎ አይዘጋም፣ ድምፅ ይወጣል። ካርዱ ካልሆነ ጣይው፤ ስለ አንድ ካርድ ብለን አንጨቃጨቅ።

ወረቀት ሻጯና ፖስተኛው ነገር ሳይጀምሩ አልቀሩም። ሰሞኑን ስኳር አንሶታል ማለት ትቷል። ያን ስሰማ እኔም ደስ አለኝ፣ ለካርዶችሽ ግን ኪሳራ ነው።

ሰኔ ሩቅ አይደለም። በርቺ።

አባትሽ


ጥር 24

አባዬ፣

በር አይዘጋም፣ ወረፋ ረጅም ነው፣ ብዙ ሰው ይቀመጣል። ሁሉም እውነት ይሆናል። የጠየቅኩህን ግን አልመለስክም። ጥቅምት ላይም «እራት ትበላለህ ወይ?» ስልህ «ምግብ በቤቴ አይጠፋም» ነበር ያልከኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር። ትናንት ደብዳቤዎችህን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አነበብኳቸው። አንድም ቦታ አልዋሸህም። አንድም ቦታ ግን ደህና ነኝ አላልክም።

ሾፌሩን ዳግመኛ ጠየቅኩት። አሁንም «ልብሱ ልክክ ብሎበታል» አለኝ። ልጮህበት ነበር፤ ግን የሱ ጥፋት አይደለም። እሱ ያየው ልብስህን ነው። ሌላ ሰው ሲከሳ ኮቱ ይሰፋዋል፣ ሱሪው ይንጠለጠላል፣ ጎረቤቱ አይቶ ይደነግጣል። አንተ ግን ልብስ ሰፊ ነህ። ማታ ታጠብበዋለህ፣ ጠዋት ልክክ ብሎብህ ትወጣለህ።

ስለዚህ ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ልክህን ላክልኝ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻ። ስመረቅ የለበስከውን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ሜትሩን የያዝኩልህ እኔ ነኝ፤ ሰው የራሱን ጀርባ መለካት አይችልም ብለህ። ደረት 98፣ ወገብ 91። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በልክ ላይ ዋሽተህ እንደማታውቅ አውቃለሁ፣ በእኔም ላይ እንደማትጀምር አውቃለሁ።

ለምን እንደደበቅከኝም ገብቶኛል፣ አባዬ። ያቺን ዓመት ፈርተህ ነው። ሥራዬን ጥዬ የምመጣ መስሎህ ነው። እኔ ምን ያህል እንደምችል ግን እኔን ሳትለካ ወሰንክ። ለማንም ደንበኛ እንዲህ አድርገህ አታውቅም።

ልጅህ


የካቲት 5

ለልጄ፣

የለካችኝ ወረቀት ሻጯ ናት። ሁለት ጊዜ አስለክቻታለሁ።

ደረት 85።
ወገብ 72።
ዳሌ 81።
ትከሻ 43።

ስትለካኝ አለቀሰች። እሷም አላወቀችም ነበር፣ በየቀኑ እያየችኝ። ሾርባዋን ለድመት እሰጥ እንደነበረ ስነግራት ደግሞ ተቆጣችኝ።

ጨጓራዬ ውስጥ አንድ ነገር አግኝተዋል። እዚህ አይቆረጥም፣ አንቺ ባለሽበት ከተማ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ሂድ ብለው ወረቀት ጽፈውልኛል። ወረቀቱ ከኅዳር 29 ጀምሮ በመሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሰኔን አሳልፌ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ልብሴ ከሰፋኝ ሰው ያያል፣ ሰው ካየ ሾፌሩ ይሰማል፣ ሾፌሩ ከሰማ አንቺ ትመጫለሽ። ስለዚህ አጠበብኩት። አራት ጊዜ አጠበብኩት።

ካርዱን ለምን ላክከው እንዳትዪኝ። የሰማሁትን አልተውም ብዬ ቃል ገብቼልሽ ነበር። ሐኪሙ ያን ቃል ሲል እጄ ሳላዝዘው ወደ ኪሴ ሄደ። «ምን እየጻፉ ነው?» ቢለኝ «ለልጄ ነው» አልኩት። ማንነቱን ጻፍኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ። «ለማን ተባለ» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ግን እጄ እምቢ አለኝ። የሌላ ሰው ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት ነው፤ የእኔ ብዬ እንዳልጽፍ አንቺ ታነቢዋለሽ። ከነክፍተቱ አሰርኩት።

ፈርቻለሁ፣ ብጣሼ። እናትሽ ስትሄድ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም፣ አንቺ አጠገቤ ነበርሽ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። አራት ጊዜ ሳጠብበው ትርፉን ጨርቅ አንዴም አልቆረጥኩትም። ውስጥ ለውስጥ አጥፌ ነው የሰፋሁት። እንዲህ የማደርገው ደንበኛው ተመልሶ ይሞላል ብዬ ስገምት ብቻ ነው። ለራሴ ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፤ ልማድ ይሆናል።

አባትሽ


የካቲት 11

አባዬ፣

ቅዳሜ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ እመጣለሁ፣ እሑድ ከእኔ ጋር ትመለሳለህ። አልጋዬን አንጥፌልሃለሁ፣ እኔ መሬት እተኛለሁ፤ ከአሁኑ እንዳትከራከር። ያን ወረቀት ከመሳቢያህ አውጥተህ ኪስህ ውስጥ ክተት።

ልክህን ይዤ ዋና አዘጋጁ ጋ ገባሁ። ካርድ መስሎት ነበር። አነበበው፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። «አ»ን ሆስፒታል ወንበር ላይ ሆነሽ ሥሪው አለኝ። «ሰው የሚናገርበት ቦታ ሁሉ ቢሮሽ ነው። ቀኑም ቢሆን ጥቂት ቢገፋ ፊደሉ የትም አይሄድብንም» አለ። ስለዚህ ምንም አላቋረጥኩም። ሰማኸኝ? ምንም።

እኔም ፈርቻለሁ። አብረን እንፈራለን።

ልብሶችህን ሁሉ ይዘህ ና። አንዷንም ሳትተው።

ብጣሽህ


ሰኔ 18

ለብጣሽ፣

ቤቴ በሰላም ገብቻለሁ። ሾፌሩ ጉድጓድ ባየ ቁጥር እንደ እንቁላል ጫኝ ቀስ እያለ ሁለት ሰዓት ሙሉ አዘገየን፤ በኋላ ኬላ ላይ የጫነው ምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ልብስ ሰፊ» አላቸው። ቁስሉ ደርቋል። ዝናብ ሲሆን ትንሽ ይወጋኛል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ደህና ነኝ። ይኸው ጻፍኩት፣ ደህና ነኝ።

አራት ወር ሙሉ በአንድ ክፍል ከርመን አሁን መልሶ ደብዳቤ መጻፍ ያስቃል። እጄ ብዕር ሲይዝ «ብጣሼ፣ ውኃ አቀብዪኝ» ብዬ ልጽፍ ነበር። መሬት ላይ የተኛሽበትን ሁሉ አልረሳሁም። አንድም ቀን ትልቁ ሰው እኔ እንደሆንኩ እንዳታስረሺኝ ትጠነቀቂ ነበር፤ ይህንንም አይቻለሁ። ምስጋናዬን በቃል ልነግርሽ ብዬ አፌ ላይ እየመጣ ሲመለስብኝ ከረመ። አመሰግንሻለሁ፣ ልጄ። እንደ እናትሽ ሆነሽልኛል።

ቋሚ ስለመሆንሽ የላክሽውን ቃል ሾፌሩ ጎዳናው ላይ ሆኖ ጮኾ ነገረኝ፣ ሠፈሩ ሁሉ ሰማ። ፀጉር አስተካካዩ «ምን ያንሳታል!» አለ። እሱን በካርድ ይዤዋለሁ።

«ሥራ ጀመርክ ወይ?» ላልሽኝ፣ ጀምሬያለሁ፣ በግማሽ ቀን። የመጀመሪያ ደንበኛዬ እኔው ነኝ። ግራጫው ሱሪ ወንበር ላይ ስቀመጥ መተንፈስ ከለከለኝ፤ ገልብጬ ሳየው አራቱ ስፌቶች ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። የመጨረሻው ክሩ ቀጭን ነው፣ ጥር ላይ የሰፋሁት ነው። እሱን ዛሬ ተረተርኩት። ሦስት ይቀሩኛል። አልቸኩልም።

ያኔ የተመለሰብሽን የሐኪሙን ካርድ አልጋሽ አጠገብ ትተሽልኝ ነበር። አይቼው ሳልነካው ከረምኩ። ዛሬ ሞልቼዋለሁና አሁን መሳቢያ አስገቢው። ከሱ ጋር ዛሬ የሰማሁትንም ልኬያለሁ፤ አራቱም ቦታ ተሞልቷል፣ ዋና አዘጋጁ የሚመልስበት ምክንያት የለውም፦

«ጋሼ፣ ሱሪዎ አነሰዎት እንዴ?»

ማን አለው፦ ወረቀት ሻጯ።

ለማን ተባለ፦ ለእኔ።

መቼ፦ ዛሬ ጠዋት።